የአርብ ከሰዓት ሂሳብ

ባለፈው ሳምንት የመጽሐፍ መሸፈኛ ልገዛ ከአንድ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ገብቼ ባለሱቁ ከጓሮ አዲስ ካርቶን ጎትቶ ሲያወጣ ሽታው አፍንጫዬን መታኝ። ትንሽ አቧራ፣ ትንሽ ሙጫ፣ ትንሽ እርጥብ እንጨት የሚል ሽታ ነው። በእኔ ዕድሜ ያለች ሴት እንዲህ ያለ የድሮ ሽታ ሲመጣባት ፈገግ ብላ ዓይኗን ብትጨፍን ያምርባት ነበር። እኔ ግን ተናደድኩ። እጄን ባንኮኒው ላይ እንደጫንኩ ደሜ ፈላ። "ምነው እማማ፣ አመመዎት?" አለኝ ባለሱቁ። "አላመመኝም፤ ሰው ትዝ ብሎኝ ነው" አልኩትና ሒሳቤን ከፍዬ ወጣሁ። ፍኖተ ሰላም ዋናው መንገድ ላይ ባጃጁና የፈረስ ጋሪው እየተጋፋ፣ ፀሐዩ አናት እየበሳ፣ እኔ በልቤ ከአንድ ሰው ጋር እየተጣላሁ ቤቴ ደረስኩ።

ሽታው የወሰደኝ ቡሬ ነው፤ የተማርኩበት ትምህርት ቤት፣ ቤተ መጻሕፍት እንለው የነበረው ጠባብ ክፍል። ምክትል ርዕሰ መምህራችን ጋሽ ታደለ ይባሉ ነበር። ረዥም ናቸው፤ ክርኑ በሌላ ጨርቅ የተጣፈ ቡናማ ኮት ከላያቸው አይወርድም። በጳጉሜን ሌላው ሰው ለዘመን መለወጫ ሲሯሯጥ እሳቸው ከወለሉ ላይ ካርቶን ይዘረጋሉ፣ በስንዴ ዱቄት ሙጫ አንዱን ካንዱ ያጣብቃሉ፣ የዓመቱን የትምህርት ፕሮግራም ይሠራሉ። ሂሳብ ቀይ ወረቀት፣ ፊዚክስ ሰማያዊ፣ አማርኛ ቢጫ፣ ስፖርት አረንጓዴ። ወረቀቱን በመቀስ የምንቆርጥላቸው እኔና ሰዒድ ነበርን። ሰዒድ የጨርቅ ነጋዴ ልጅ ነው፤ ጨርቅ ሲቆረጥ እያየ ስላደገ እጁ አይስትም። የሂሳብም ጭንቅላት ነበረው፤ መምህሩ ጥያቄውን ጽፎ ሳይጨርስ ሰዒድ መልሱን በልቡ ይዞ ጣሪያ ጣሪያ ያያል። ያኔ ዳቦ በአሥር ሳንቲም ነው፣ ሻይ ከነቅመሙ በስሙኒ። ካኪ ቁምጣ የለበሰ፣ ኮንጎ ጫማ ያደረገ ሁሉ ተማሪ ነው፤ ሸራ ጫማ ያደረገ የሀብታም ልጅ ነው። ከትምህርት ቤቱ ማዶ ያለው ሻይ ቤት ሬዲዮኑን መስኮት ላይ ስለሚያስቀምጠው በእረፍት ሰዓት አጥሩን ተደግፈን ዘፈን እንሰማለን፤ ዘፈኑ ሳያልቅ እረፍቱ ካለቀ ቀሪውን ራሳችን እንዘፍነዋለን።

አንድ ቀን ጋሽ ታደለ ቀይ ወረቀቷን በሁለት ጣታቸው ይዘው አርብ ከሰዓት ላይ ሊለጥፉ ሲሉ ቆም አሉ። "ሰዒድ፣ አርብ ከመስጊድ ስንት ሰዓት ትወጣላችሁ?" አሉት። "ከሰባት አለፍ ሲል ነው ጋሼ" አላቸው። ቀይዋን አነሱና አረንጓዴዋን ለጠፉ። "እንግዲያው አርብ ኳስ ነው። ኳሱ ይጠብቅሃል፤ ሂሳቡ አይጠብቅህም" አሉ። በቃ። ስብሰባ አልተጠራም፣ ንግግር አልተደረገም። ሰኞ ጠዋት የመጀመሪያውን ሰዓት ደግሞ ለአማርኛ ንባብ ሰጡት፤ የገጠር ልጆች የሳምንት ስንቃቸውን ተሸክመው ሲመጡ እንደሚያረፍዱ ያውቃሉ፤ ንባብ ከመሃል ቢገቡበት አይጠፋም። እኔ ያን ጊዜ ነገሩ ከባድ ነገር መሆኑ አልገባኝም። ወረቀት መለጠፍ ነው የመሰለኝ።

ያንን ዘመን ገነት ነበር አልልም። የሂሳብ መምህራችን በማስመሪያ ጠርዝ የጣት መገጣጠሚያ ይመታ ነበር፤ ሳይንስ ክፍል የገባን ሴቶች በአንድ ወንበር የምንበቃ ነበርን። ረዥም ክፍለ ጊዜም ዛሬ አልተፈጠረም። ረቡዕ ረቡዕ ሁለት ሰዓት በተከታታይ ሂሳብ ነበረን፤ ድርብ እንለዋለን። በመጀመሪያው መምህሩ ያስተምረናል፤ በሁለተኛው ራሱ ከኋላ ይቀመጥና እኛን አንድ በአንድ ሰሌዳ ያወጣናል። ላባችን እየተንጠፈጠፈ ሳናውቀው ደወሉ ይደወል ነበር። እኔ ሂሳብ አስተማሪ የሆንኩት ከዚያ ረቡዕ ነው ብል አልዋሸሁም። ይህን የምለው ሰው "አሮጊቷ አዲስ ነገር ጠልታ ነው" እንዳይለኝ ነው። ተብያለሁና።

እኔ አስተማሪ ሆኜ ፍኖተ ሰላም ኖርኩ፣ ጡረታም እዚሁ ወጣሁ። ሰዒድ ፈተናውን ከሁላችንም በልጦ አልፎ ነበር፤ ነገር ግን ያኔ አገሩ እንደደፈረሰ ነበርና፣ አባቱም ታመሙና፣ ቡሬ ሱቅ ገባ። ከዚያ ወዲህ ስንገናኝ ስለ ጨርቅ ዋጋ እንጂ ስለ ሂሳብ አውርቶኝ አያውቅም። ባለፈው ዓመት መስከረም ላይ ግን ጥቁር ኮቱን ለብሶ፣ ነጭ ቆቡን ደፍቶ፣ አንድ ቀጭን ልጅ አስከትሎ ከደጄ ቆመ።

"እታለም" አለኝ፤ ከልጅነት ጀምሮ እንዲህ ነው የሚጠራኝ። "ይሄ የልጄ ልጅ ነው፣ ኑሩ። እዚህ ካለው ትምህርት ቤት ልዩ ክፍል በፈተና አልፎ ገብቷል። የጓሮ ክፍልሽን ለሰው አትስጪብኝ።"

"ምን ይወዳል?" አልኩት።

"ጠይቂው እንጂ" አለኝ፤ ፊቱ እንዴት እንደበራ!

ኑሩ አንገቱን ደፍቶ፣ "ሂሳብ ነው እማማ" አለ። እኔም ሰዒድም ሳቅን። ልጁ ምን እንዳሳቀን አልገባውም።

ልዩ ክፍል የሚሉት ከዞኑ ወረዳዎች ጎበዝ ጎበዙን ለቅመው አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ለብቻ የሚያስተምሩበት ነው። ጥሩ ነው፣ አልነቀፍኩትም። በዚያ ዓመት ግን ለልዩ ክፍል አዲስ አሠራር መጣ፤ "ብሎክ" ይሉታል። ኑሩ መጀመሪያ ሲነግረኝ አዲስ ክፍል ሊሠሩ ብሎኬት ያመጡ መስሎኝ ደስ አለኝ። ነገሩ ወዲህ ነው። አርባ ደቂቃው ክፍለ ጊዜ ይቀርና አንድ ትምህርት ሁለት ሰዓት ሙሉ ይሰጣል። በሳምንት አምስት ቀን የነበረው ሂሳብ ሁለት ቀን ብቻ ይሆናል፣ ሰኞና አርብ። ልዩ ክፍል የከሰዓት ፈረቃ ስለሆነ የአርቡ ሂሳብ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ይጀምራል። የሚያስቆጣኝ ሌላው ደንብ ነው፦ ብሎክ ከተጀመረ በር አይከፈትም። የሌሎቹ ትኩረት ይረበሻል ተብሎ።

አርብ ስድስት ሰዓት ተኩል! በዚህች አገር መሥሪያ ቤቱ ሁሉ አርብ ቀን የምሳውን ሰዓት የሚያስረዝመው ለምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው ማን ነው? ድሮ አንድ ልጅ ከጁምዓ ሲመለስ አንድ ክፍለ ጊዜ ያመልጠዋል፤ ለሁለተኛው ይደርሳል፣ ያመለጠውን ከጓደኛው ይጠይቃል። አሁን የሳምንቱ ሂሳብ እኩሌታ ነው የሚያመልጠው። ኑሩ የመጀመሪያው አርብ ሲመለስ ምንም አልነገረኝም። በሁለተኛው አርብ ደጃፌ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ሲያወልቅ አይቼ "ምን ተማራችሁ?" አልኩት።

"ዛሬ አልገባሁም እማማ።"

"ለምን?"

"በሩ ተዘጋ። የዛሬ ሳምንትም ተዘግቶ ነበር።"

ሰኞ ክፍል ሲገባ እነሱ ሊሚቱን ጨርሰው ዲሪቬቲቭ ጀምረዋል። እኔ ማታ ማታ አብሬው ተቀመጥኩ፤ የሻገተ እውቀቴን አራገፍኩ። ልጁ ከማስረዳው ቀድሞ ይረዳል፤ እሱን ማስተማር አላቃተኝም። የሚቆጠረው ግን ማወቅ አይደለም፣ መገኘት ነው። ብሎክ እየደጋገመ የቀረ ከልዩ ክፍል ይወጣል ተብሏል።

ምክትል ርዕሰ መምህሩ ይበልጣል ይባላል፤ እኔ ያስተማርኩት ልጅ። ጎበዝ ነበር፣ ቅን ነበር፤ ዛሬም ክፉ ሰው አይደለም፤ ይኼ ነው ይበልጥ የሚያናድደኝ። ቢሮው ስገባ ተነስቶ በሁለት እጁ ጨበጠኝ፣ ወንበሩን አመቻቸልኝ። ከግድግዳው ላይ በኮምፒውተር የታተመ፣ የሚያብረቀርቅ ሰንጠረዥ ተለጥፏል።

"ቲቸር፣ ምን ልታዘዝ?" አለኝ።

"የአርቡን ሂሳብ ወደ ሐሙስ ውሰደው" አልኩት። "የሐሙሱን ስፖርት ወደ አርብ።"

ፈገግ አለ። "አይቻልም ቲቸር። ሰንጠረዡን ሶፍትዌር ነው የሠራው። አንዱን ብንነካ ሌላው ይፈርሳል።"

"ይፍረሳ! እንደገና ሥሩት።"

"ሥልጠና ተሰጥቶበት የመጣ ነው እኮ። ተማሪው በጥልቀት እንዲማር ነው። ውጭ አገር..."

"ውጭ አገሩን ተወው። ኑሩ የተባለው ልጅ አርብ አርብ በር ላይ እንደሚቆም ታውቃለህ?"

ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ሌሎቹ ሙስሊም ልጆች ችለውታል ቲቸር" አለኝ።

"ችለውታል ማለት ምን ማለት ነው? ወይ ሶላቱን ትተዋል፣ ወይ ሂሳቡን ትተዋል። ማን ጠየቃቸው?"

"ለአንድ ልጅ ብለን መላውን ፕሮግራም..."

ይሄኔ ተነሳሁ። ስለ ጋሽ ታደለ ነገርኩት፤ አንዲት ቀይ ወረቀት በጣታቸው ይዘው ስለቆሙት ሰው። የደረቀ ሙጫ በምላጭ እየላጡ ያንን ካርቶን ስንት ጊዜ እንዳፈረሱት ነገርኩት። አዳመጠኝ፤ እንደ አሮጊት ተረት አዳመጠኝ። ሲያበቃ "እርስዎ የኛ ባለውለታ ነዎት" አለና እስከ በር ሸኘኝ። በደንብ የተማረ ሰው ሲያዋርድህ እንዲህ ነው፤ እየሳቀ፣ እየሸኘ።

እስኪ ጥልቀቱን ልየው ብዬ አንድ ሰኞ አስፈቅጄ ከኋላ ወንበር ተቀመጥኩ። መምህሩ ልጅ እግር ነው፣ ሂሳቡን ያውቃል። አርባ ደቂቃ ያህል ግሩም አድርጎ አስተማረ፤ ከለመደው በላይ ግን የሚለው አልነበረውም። የተናገረውን ደገመው። ቀጥሎ ጥያቄ ሰሌዳ ሙሉ ጻፈና "ሥሩ" ብሎ መስኮቱን ተደገፈ። ሙቀቱ ከቆርቆሮው ይወርዳል፤ ከፊቴ ያሉት ልጆች ራስ አንድ በአንድ ክንዳቸው ላይ ወደቀ። መጨረሻ ላይ የሳምንቱ ምዕራፍ እንዳይቀርበት ደንግጦ አዲስ ርዕስ በጥድፊያ ጀመረ። ስንወጣ ከጎኔ እየሄደ፣ "እኔም አላመንኩበትም ቲቸር። እንዲህ ለረዘመ ሰዓት እንዴት እንደሚያስተምሩ ያሳየኝ ሰው የለም። ድምፄም ያልቃል" አለኝ። እሱን ምን ልበለው? የእኔ መምህር ያን ድርብ ሰዓት እንዴት እንደሚጠቀምበት ያውቅ ነበር፤ ይኼኛው ደግሞ ሰዓቱን ብቻ ነው የተረከበው።

ኑሩን ያስወጡት በኅዳር ነው። አንድ ሰው ክፍል ገብቶ ስሙን ጠርቶ "ቦርሳህን ይዘህ ወደ መደበኛው ክፍል" አለው፤ በጓደኞቹ ፊት። በመደበኛው ክፍል አርባ ደቂቃው አልቀረም ነበርና ትምህርቱን በተከታተለ ነበር። ነገር ግን አንድ ወንበር ላይ አራት ሆነው የሚቀመጡበት ክፍል ነው፤ ገና ሲገባ "ከልዩ የወረደው" የሚል ስም አወጡለት። ጥቂት ሰነበተና ቅዳሜ ለስንቅ ወደ ቡሬ እንደሄደ ቀረ። ሰኞ ጠበቅኩት። ማክሰኞም ጠበቅኩት። ሐሙስ ሚኒባስ ተሳፍሬ ሄድኩ።

ቡሬ ከሄድኩ ቆይቼ ነበር። ሻይ ቤቱ የነበረበት ቦታ ፎቅ ቆሟል፤ ከሥሩ የሞባይል ሽፋን ይሸጣሉ። ሬዲዮኑ ይቀመጥበት የነበረውን መስኮት ዓይኔ ፈልጎ አጣው። የሰዒድ ሱቅ ግን እዚያው ናት፤ ጣቃው እስከ ጣሪያ እንደተከመረ። ኑሩን ከባንኮኒው በስተጀርባ ሆኖ ለአንዲት ሴትዮ የከፋይ ጨርቅ በሜትር እየለካ አገኘሁት። ሰዒድ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ሲያየኝ ተነሳ፣ እኔ ሳልቀመጥ አልቀመጥም አለ።

"ተይው እታለም" አለኝ ገና አፌን ሳልከፍት። "ሱቁም ሥራ ነው።"

"ሱቁ ሥራ መሆኑን ማን ካደ! ልጁ እዚህ የገባው ወድዶ ነው ወይስ ተባርሮ?"

ሰዒድ ቆቡን አወለቀና ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው፤ ጠጉሩ ሙሉ በሙሉ ነጭ ሆኗል። "መሐንዲስ ሊሆን ነው ብዬ ለገበያው ሁሉ አውርቼ ነበር" አለ። "ይኼው አሁን ሰዉ መቼ ይመረቃል ይለኛል።" ድምፁ አልተሰበረም፤ ያልተሰበረው እንዳይሰበር ስለጠበቀው ነው። ሰዒድ አንድ ጊዜ ራሱ የቀረበትን መንገድ የልጅ ልጁ ሲሄድበት ለማየት ስንት ዓመት እንደጠበቀ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። የዘመኑን መደፍረስ ማንም አላደረሰበትም፤ ይቅር ብሎታል። ይሄንን ግን ሰው ነው ያደረገው፤ ቢሮ ተቀምጦ፣ ሻይ እየጠጣ።

ኑሩ ሴትዮዋን ሸኝቶ መጣና ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ አለ። "እማማ፣ ያለፋሁዎትን ይቅር ይበሉኝ" አለኝ።

"ና እንሂድ" አልኩት። "ቤት ሆነህ አስተምርሃለሁ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናውን በግልህም ቢሆን ትፈተናለህ።"

ሜትሩን በእጁ ጠቀለለው። "አርብ አርብ ከመስጊድ እየሮጥኩ ስደርስ ክፍላችን ከአጥሩ አጠገብ ነው እማማ። መምህሩ ሲያስተምር ድምፁ ውጭ ድረስ ይሰማኛል። 'ከዚህ ወደዚህ ስናሻግረው' ይላል፣ 'ይኼኛውን ከዚያኛው ስንቀንስ' ይላል። ሰሌዳው ግን አይታየኝም። የቱን ከየቱ እንደሚቀንስ አላውቅም። ዘበኛው ያዝንልኛል፤ ግን እሱም ይፈራል። ስንት አርብ እንዲያ ቆምኩ። አሁን ሂሳብ ሳስብ መጀመሪያ የሚመጣብኝ አጥሩ ነው።"

እኔ ዕድሜ ልኬን ልጆች ሂሳብ እንዳይፈሩ ስታገል የኖርኩ ሴት ነኝ። ይኼ ልጅ ሂሳብን አልፈራም ነበር። እንዲጠላው አደረጉት። ብዙ ለመንኩት፤ "እሺ እማማ፣ አስብበታለሁ" እያለ በትሕትና እምቢ አለኝ። ከዚያ ወዲህ አልተመለሰም። ፈተናውም አልፎ ሄደ።

አሁን መጨረሻውን ልናገር። በዓመቱ አጋማሽ የልዩ ክፍል ውጤት ሲወጣ ከቀድሞው ሁሉ አሽቆለቆለ። ወላጅ ጮኸ፣ ዞኑ ጠየቀ። ብሎክ የሚባለው ነገር እንደመጣ ሁሉ በአንድ ሳምንት ውስጥ ጠፋ፤ አርባ ደቂቃው ተመለሰ። "ተሳስተን ነበር" ያለ አንድም አፍ አልሰማሁም።

ያን ካርቶን ባሸተትኩ በማግስቱ፣ እዚያው ዋናው መንገድ ላይ፣ ይበልጣል ከሆስፒታሉ በኩል ሲመጣ ፊት ለፊት ተገናኘን። ቆመ፣ ጎንበስ ብሎ ሰላም አለኝ፣ ስለ ጤናዬ ጠየቀኝ። ከዚያ ደስ እንደሚለኝ እርግጠኛ ሆኖ፣ "ቲቸር፣ ያንን ነገር እኮ አስተካከልነው" አለኝ።

"ኑሩስ?" አልኩት።

ግንባሩን ቋጠረ። ከልቡ ለማስታወስ እየሞከረ ነበር፤ አላስመሰለም። "የትኛው ኑሩ ነበር ቲቸር?"

ነገርኩት። የትኛው እንደሆነ፣ የማን ልጅ እንደሆነ፣ ከየትኛው አጥር ሥር ይቆም እንደነበር፣ ምን ይሰማው፣ ምን አይታየው እንደነበር፣ ዛሬ በዚች ሰዓት ቡሬ ምን እየለካ እንዳለ፣ መንገዱ መሃል ቆሜ፣ ድምፄን ሳልቀንስ ነገርኩት። ባጃጆቹ ጥሩምባ ይነፉብኛል፤ ጋሪ ነጂው "እማማ፣ ዞር ይበሉ እንጂ!" ይለኛል፤ ይበልጣል "ቲቸር፣ ሰው እያየን ነው" እያለ ክንዴን ይዞ ወደ ዳር ሊወስደኝ ይሞክራል። ክንዴን ነጠቅኩት። ዞር አላልኩም፤ ልጁን ከነአባቱ ስም በራሱ አፍ እስኪደግምልኝ ድረስ።